ጥፍር የሚይዘው ጭረት

«ከጠየቀኝ ‹ከዘራህ ነው የጫረው› እለዋለሁ፤ አለቀ። ሁለት ዓመት ጭጋግ ውስጥ የኖረ ሰው የቱን ነካሁ የቱን አልነካሁ ብሎ ሊሟገተኝ ነው?»

ቧንቧ ሠራተኛው ይህን ያለው ለሚስቱ ነበር፤ ግድግዳው ግን ስስ ነው። ታናሽ እህቱ ፀጉር ሠሪዋ በዚያኛው በኩል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ካልሲ ውስጥ እንዳስገባች ደርቃ ቀረች። ቀኑ ሰኞ ነው፤ ሰኞ ፀጉር ቤቱ ስለማይከፈት ከሳምንቱ ቀናት አርፍዳ የምትነሣው በዚያ ቀን ብቻ ነበር። የወንድሟ ሚስት ድምፅ አልተሰማም። ሳህን ሳህን ላይ ሲቀመጥ ብቻ ተሰማ። በዚያ ቤት ሚስቲቱ መስማማቷንም አለመስማማቷንም የምትናገረው በሳህን ነበር፤ ይሄኛው የትኛው እንደሆነ ግን አልለየም።

አባታቸው ትናንት አንድ ዓይኑን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ክሊኒክ አድሯል። ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፋሻው ይፈታና በገዛ መኪናው ወደ ቤቱ ይመለሳል። መኪናዋ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሊወጣ ሲል የገዛት፣ ውጭዋ ያረጀ ውስጧ ግን ገና ከፋብሪካ የወጣች የምትመስል ትንሽዬ መኪና ነበረች። ብስኩት የሚበላባት፣ ጫማውን ሳያራግፍ የሚገባባት ሰው አልነበረም። ዓይኑ ሲደክም ቁልፉን ለልጁ አስረከበና አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ «እንደሰጠሁህ ትመልስልኛለህ።» ልጁም «ምን ነካህ አባዬ፣ ለክሊኒክና ለገበያ ብቻ እኮ ነው» አለው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል እንዲሉ፣ መጀመሪያ የመፍቻ ሣጥን ገባ፤ ቀጥሎ የእጅ መታጠቢያ ገባ፤ በመጨረሻ ቧንቧው ራሱ ገባ። ቧንቧው ከመኪናዋ ይረዝማል። በኋላ በር ገብቶ፣ በወንበሮቹ መሐል አልፎ፣ ጫፉ ዳሽቦርዱ ላይ ያርፋል። መኪናዋ ጉድጓድ ውስጥ በገባች ቁጥር ጫፉ ይንሸራተትና ነጭ መስመር ትቶ ይመለሳል።

ፀጉር ሠሪዋን ያደረቃት ግን የመኪናዋ ነገር አልነበረም። አባቷ ከሦስት ወር ወዲህ ከክፍሉ መውጣት አቁሟል። ድሮ፣ ዓይኑ ደክሞም ቢሆን፣ ከሰዓት በኋላ ከዘራውን እያስቀደመ ግቢ ወርዶ፣ የቆመችው መኪና ውስጥ ይቀመጥና ሬዲዮ ይከፍት ነበር። አንድ ቀን ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ጭራሽ ተወው። ሳሎን ና ሲሉት «እቃችሁን እሰብራለሁ» ይላል። ምግቡን አልጋው ላይ፣ በማይሰበር ሳህን፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይበላል። እርጅና ነው ተባለ። እሷም እርጅና ነው አለች፤ ሰው ቤት ሲገባ ደክሞት ከሆነ ብዙ ነገር እርጅና ይመስለዋል። ዛሬ ግን ዓይኑ ይበራል፤ በበራው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ዳሽቦርድ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚሰማውም «አንተ ነህ ያበላሸኸው» የሚል ቃል ከሆነ፣ እያየም ተመልሶ እዚያ ክፍል ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው አይኖርም። ይሄ እንደ እጇ መዳፍ ታያት።

ሁለተኛውን ካልሲ አጥልቃ ወጣች። ወንድሟ ቆሞ ሻይ እየጠጣ ነበር፤ ወንበር ሞልቶ ቆሞ የሚጠጣው የቸኮለ እንዲመስል ነው።

«ጋሼ፣ የመኪናዋን ቁልፍ ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ጭረቱን ላጠፋው።»

«በምን? በማበጠሪያ?»

«በምንም ይሁን። እኔ ካጠፋሁት ግን ስለ ከዘራ የሚያወራ ሰው የለም።»

እንደሰማችው ያኔ ገባው። ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ሳህኑን አየች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ አንዱ ሲያፍር ይለሰልሳል፣ ሌላው ሲያፍር ይቆጣል። እሱ ከሁለተኞቹ ነበር።

«እሺ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አንድ ሳታስቀሪ ካጠፋሽ አፌን እዘጋለሁ» አላት ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ እየጣለ። «አንዲት ከቀረች ግን የምትዘጊው አንቺ ነሽ። ተስማማን?»

እሺም እምቢም ሳትል ቁልፉን አነሣች።

ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ የመኪና ወንበር የሚሰፋና ዳሽቦርድ የሚጠግን አንድ ሰው አለ። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ስለሚያስቀምጥና ሥራ ከመጀመሩ በፊት ረጅም ትምህርት ስለሚሰጥ ሰፈሩ ፕሮፌሰር ይለዋል። መኪናዋን ደጁ ላይ አቁማ ጠራችው። አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ ዳሽቦርዱን፣ የበሩን ፕላስቲክ፣ ከተሳፋሪው ፊት ያለውን የመሳቢያ ክዳን አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ከድመት ጋር ታስራ ነው የከረመችው?»

«ከቧንቧ ጋር።»

«ሁሉንም ላድስልሽ ብል ሐሙስ ነው እጄ የሚፈታው» አለና ዋጋውን ነገራት። ፀጉር ሠሪዋ በልቧ ወደ ራሷ ሥራ መነዘረችው፤ ሠላሳ ሰው አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሠላሳ ሰው ቀና አርጎ መሸኘት ማለት ነው።

«ሐሙስ አይሆነኝም። ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አሳየኝና ራሴ ልሥራው።»

ፕሮፌሰሩ በመነጽሩ በላይ አያት። እምቢ ሊል አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ማስተማር ይወዳል፤ ደካማ ጎኑ ይሄ ነው። «ጥፍርሽን አምጪ» አላት። ጠቋሚ ጣቷን ይዞ ጥፍሯን በአንዱ ጭረት ላይ አስኬደው፤ ጥፍሯ ሳይደናቀፍ አለፈ። «ይሄ ይድናል። ፕላስቲኩ አልተነሣም፤ ተገፍቶ ነው እንጂ። ስታሞቂው ወደ ቦታው ይመለሳል። ጥፍርሽን ከያዘው ግን ተይው፤ የተነሣ ሥጋ በሙቀት አይመለስም።» ከዚያ የፀጉር ማድረቂያ እንዳላት ጠየቃት።

«መተዳደሪያዬ እኮ ነው።»

«አሃ፣ ታዲያ ከእኔ ምን ፈለግሽ?» አለና ከጓሮ የአሮጌ መኪና የበር ሽፋን አውጥቶ፣ የራሱን ማድረቂያ ሰክቶ ሰጣት። መጀመሪያ በሳሙና ውኃ ማጠብ፣ በጥርስ ብሩሽ ከጭረቱ ውስጥ አቧራውን ማውጣት ነው። «ቆሻሻውን ሳታወጪ ካሞቅሽ፣ ቀብረሽ ሐውልት አቆምሽለት ማለት ነው።» ቀጥሎ ማድረቅ፤ ከዚያ ሙቀቱን አንድ ቦታ ሳያቆሙ ወዲያ ወዲህ ማመላለስ። እሷ ግን ቸኮለችና ማድረቂያውን አስጠግታ አቆመችው። ጭረቱ ጠፋ፤ አብሮት ቆዳ የሚያስመስለው የፕላስቲኩ ሽብሽብ ጠፍቶ የሳንቲም ያህል ቦታ እንደ መስታወት አበራ።

«መላጣ አደረግሽው» አለ ፕሮፌሰሩ በእርጋታ። «መላጣ ደግሞ አይበቅልም። ከጭረቱ ይልቅ እሱ ነው ዕድሜ ልኩን የሚያሳጣሽ።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። የሰው ፀጉር ስታደርቅ ማድረቂያውንና የደንበኛዋን ራስ በሌላ እጇ ጀርባ ትለያለች፤ እጇ ሲለበልባት ራሱም በቅቶታል ማለት ነው። ሁለተኛውን ጭረት እንደዚያው ሞከረችው፤ ግራ እጇን ከፕላስቲኩ አጠገብ አድርጋ፣ እጇ «በቃ» ሲላት እየሸሸች። ነጩ መስመር ቀስ ብሎ ጠቆረ፣ ደበዘዘ፣ ጠፋ። ፕሮፌሰሩ ሽብሽብ ያለው የቆዳ ቁራጭ ሰጣት፤ ፕላስቲኩ ሙቅ እያለ ሲጫኑበት ሽብሽቡን መልሶ ያትማል። በጠርሙስ ክዳን ደግሞ ለፍጥነት ማሳያው ጥርት ላለው ሽፋን የሚሆን ቅባት ጨለፈላት። «እሱን እንዳታሞቂው፤ በለስላሳ ጨርቅ፣ በክብ በክብ፣ እንደማባበል።» ለትምህርቱ ስንት እንደሆነ ስትጠይቀው «ባለቤቴን አንድ ቀን አጥበሽ ትሸኛታለሽ» አለና ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ግቢ ስትደርስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኗል። ማራዘሚያ ገመዱን በክፍሏ መስኮት አወጣች፤ ማድረቂያዋን፣ ባልዲዋን፣ ብሩሿን ደረደረች። መጀመሪያ ጭረቶቹን ቆጠረቻቸው፤ ሃያ አራት ናቸው። ለእያንዳንዱ ጥፍሯን አስኬደች፤ ሃያ ሦስቱ አሳለፏት። ሃያ አራተኛው በመሳቢያው ክዳን ላይ፣ ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ለፊት ያለ፣ አንድ ስንዝር የሚሆን መስመር ነው። እሱ ጥፍሯን ያዘው። ለጊዜው እንዳላየች አለፈችው፤ ሰው ከባዱን ነገር ለመጨረሻ የሚያስቀምጠው በመሐሉ እንዲቀልለት ተስፋ አድርጎ ነው።

ሥራው ቀላል ሆኖ አድካሚ ነበር። አጠበች፣ አደረቀች፣ አሞቀች፣ ቆዳውን ተጫነች፣ እስኪበርድ ጠበቀች። መሪው ሥር ለመድረስ እንደ እባብ ተጠማዝዛ ገባች። ሙቀቱ መኪናዋ ውስጥ ታምቆ ላቧ በጀርባዋ ወረደ፤ የግራ እጇ ጀርባ በርበሬ መሰለ። ጎረቤቲቱ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ በአጥሩ ላይ አየቻት።

«ምነው እቴ፣ መኪናዋ ሠርግ አለባት እንዴ?»

«አባቷ ሊያያት ነው።»

«እንግዲያው ጥፍሯንም ቀቢያት» አለች ጎረቤቲቱ፤ ቆየት ብላ ግን አንድ ብርጭቆ ውኃ በአጥሩ ላይ አቀበለቻት። ስድስት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለቱ፣ ሰባት ሰዓት ላይ አሥራ ዘጠኙ ጠፍተው ነበር። ሰባት ተኩል ላይ የፍጥነት ማሳያው ሽፋን ውኃ መስሎ፣ ያቺ አንዷ ብቻ ቀረች።

ሞከረቻት። አንድ ጊዜ አሞቀች፤ ጠርዞቿ ለዘብ አሉ እንጂ ንቅንቅ አላለችም። ሁለተኛ አሞቀች። በሦስተኛው እጇ «በቃ» እያላት ጥርሷን ነክሳ ትንሽ ቆየች፤ ፕላስቲኩ ማብራት ጀመረ። ብድግ አድርጋ ማድረቂያውን አጠፋችው። ቢበዛ አንድ እውነተኛ ጭረት ነው፤ በሱ ፋንታ አንድ ውሸተኛ መላጣ ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል? ተወችው፤ መተውም ከሥራው እንደ አንዱ ከበዳት። ፊቷን ልትታጠብና አንድ ነገር ልትቀምስ ገባች።

ስትመለስ ዳሽቦርዱ ከዳር እስከ ዳር ያንጸባርቃል። ወንድሟ የወጥ ቤት ዘይት በአንድ እጁ፣ ጨርቅ በሌላው ይዞ በኩራት ቆሟል። ያቺ ስንዝር መስመር ዘይቱ ውስጥ ሰጥማለች።

«ግማሽ ቀን የፈጀሽበትን በአምስት ደቂቃ» አላት።

«አልሸሹም ዞር አሉ! ነገ አቧራ ሲጠጣ ተመልሳ ትወጣለች።»

«ነገ ሌላ ቀን ነው። የዛሬን ነው ያልሽኝ።»

«እስቲ ግባና እዚህ ተቀመጥ።» የተሳፋሪውን በር ከፈተችለት። ተቀመጠ። ፀሐይዋ ዘይቱ ላይ አርፋ፣ ከዘይቱ ወደ ፊት መስታወቱ፣ ከመስታወቱ ቀጥታ ፊቱ ላይ ወደቀች፤ ዓይኑን ጨፈነ። «ዛሬ የተፈታ ዓይን ነው እዚህ የሚቀመጠው» አለችው ቀስ ብላ። «ብርሃን እንዳይወጋው ተብለናል፤ ሲነገረን አንተም ነበርክ።»

ቧንቧ ሠራተኛው ዓይኑን በክንዱ ከለለ። ከዚያ ወጥቶ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ባልዲውን በሙቅ ውኃ ሞልቶ አመጣ። ሁለቱ በሁለት በር ገብተው በሳሙና ያጥቡ ጀመር። ልጆች ሳሉ አባታቸው አውቶቡሱን የሚያሳጥባቸው እንደዚህ ነበር፤ እሱ ከላይ፣ እሷ ከታች። ሁለቱም ይህን አሰቡ። ዘይቱ ሲለቅ መስመሯ ተመልሳ ወጣች።

«ይቺ ትታያለች» አለ።

«ትታይ።»

«ከቀረ የምትዘጊው አንቺ ነሽ ብዬሻለሁ።»

ጨርቋን ጨምቃ፣ አራግፋ፣ በሩ ላይ ሰቀለችው።

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሟ ፋሻውን ስትፈታ አባታቸው ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ተከፈተ። ግድግዳውን፣ ሐኪሟን፣ ቀጥሎ ሴት ልጁን አየ።

«ፀጉርሽን ቆረጥሽው?»

«ከዓመት በላይ ሆነኝ እኮ አባዬ።»

«አንተ ደግሞ ወፍረሃል» አለው ልጁን። ሐኪሟ ሳቀች፤ ጥቁር መነጽር አድርጋለት፣ እንዳያጎነብስ፣ ዓይኑን እንዳያሽ፣ ከባድ እንዳያነሣ ነግራ ሸኘቻቸው። ኮሪደሩ ሰፊ ነበር። አባቷ ግን ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ እንደ ሌባ ትከሻውን ሰብስቦ ነበር የሚሄደው። እያየ ነው፤ ወንበር ሲመጣ ከሩቅ ይዞራል። ፀጉር ሠሪዋ ከኋላ ሆና አየችው።

ፊት ተቀመጠ፤ ልጁ መሪውን ያዘ፤ እሷ ከኋላ ገባች። መኪናዋ ከመሄዷ በፊት አባታቸው ዳሽቦርዱን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ አየው፤ በሩን አየ፤ ማሳያውን አየ። እጆቹ ጭኑ ላይ ናቸው፤ ምንም አልነኩም። ሁለት መንገድ አለፉ።

«ደህና ናት» አለ በመጨረሻ። «እኔማ ጨርሼ ያጠፋኋት መስሎኝ ነበር። ያን ቀን ‹አባዬ፣ ከዘራህ ዳሽቦርዱን አረሰው› ስትለኝ እንቅልፍ አጥቼ ነው ያደርኩት።» ወደ መሳቢያው ክዳን በአገጩ ጠቆመ። «ይቺ ብቻ ናት እንዴ? ይቅር በለኝ ልጄ። እጄ ምን እንደሚነካ አላውቅም ነበር፤ ኋላማ ቤቱንም እንዳላፈርስባችሁ ብዬ ከክፍሌ መውጣቱን ተውኩት።»

ቧንቧ ሠራተኛው ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም፤ ጆሮው ግን ቀላ። እህቱ ከኋላ ሆና ሦስቱን ወር ወደ ኋላ ቆጠረች። ለካ ጠዋት በግድግዳ የሰማችው ገና የሚዋሽ ውሸት አልነበረም፤ የቆየ፣ ተነግሮ ያለቀ፣ አባቷን አልጋ ላይ አስቀምጦ ያበላ ውሸት ነው። ሃያ ሦስቱን ጭረት ስታጠፋ የዋለችው ያንን ውሸት ከሥሩ የምትነቅል መስሏት ነበር፤ እሱ ግን መኪናዋ ላይ አልነበረም። አሁን ዝም ካለች ሃያ አራተኛውን አባቷ በስሙ ያስመዘግበዋል።

«አባዬ፣ አንተ አይደለህም» አለች። «ይቺንም፣ ዛሬ ያጠፋኋቸውንም ሃያ ሦስት። ከዘራህ አንድ ቀን አልነካትም።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«እሱን ጋሼ ይንገርህ።»

መብራት ያዛቸው። ቀዩ ረጅም ነበር። አረንጓዴ ሲበራ ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ፤ መኪናዋ ተንቀሳቀሰች።

«ቧንቧ ነው» አለ ወንድሟ። ድምፁ የተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ይመስል ከሩቅ መጣ። «ቧንቧ ስጭንባት ነው አባዬ።»

«ጫፉን በጨርቅ ጠቅልለኸው ነበር?»

«አልጠቀለልኩትም።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውም የእቃም ጭነት ያስጫነ ሰው ነው። «ቧንቧ በጨርቅ ይሸፈናል» አለ ድምፁን ሳያነሣ። «በአባት አይሸፈንም።» ከዚያም፣ «እዚህ አቁመኝ።»

«አባዬ፣ ቤት እኮ ገና...»

«አውቀዋለሁ። በእግሬ እሄዳለሁ።»

መኪናዋ ጥግ ይዛ ቆመች። ፀጉር ሠሪዋ ፈጥና ወርዳ ክንዱን ያዘችው። እጇን ቀስ አድርጎ ከክንዱ ላይ አነሣው። መጀመሪያ እንደ ኮሪደሩ ነበር የተራመደው፤ እጆቹ ደረቱ ላይ፣ ትከሻው ተሰብስቦ። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደ የእግረኛ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ብርጭቆና ሳህን ገጠመው። ነጋዴው መሬት ላይ ሸራ አንጥፎ ደርድሮታል፤ በመሐሉ አንድ ጫማ የምታሳልፍ ቀጭን መንገድ ብቻ ትቷል።

«አባት፣ በአስፋልቱ ይዙሩ» አለ ነጋዴው መነጽሩን አይቶ። «ይሰበርብኛል።»

አባቷ ቆመ። የብርጭቆዎቹን ረድፍ፣ የማንቆርቆሪያዎቹን አንገት፣ ቀጭኗን መንገድ ተራ በተራ ተመለከተ። ክንዱን ልትይዘው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

«ይታየኛል» አለ ለነጋዴው።

እጆቹን ከደረቱ ላይ አውርዶ በጎኑ ለቀቃቸው። አንድ እግሩን አስገባ፤ ቀጥሎ ሌላውን። የኮቱ ጫፍ ከአንድ ማንቆርቆሪያ አፍ በጣት ያህል ከፍ ብሎ አለፈ። ነጋዴው ከመቀመጫው ከፍ አለ፤ ከኋላ ቧንቧ ሠራተኛው የመኪናዋን በር ከፍቶ፣ አንድ እግሩን አስፋልት ላይ አድርጎ ይመለከታል። ሦስት እርምጃ፣ አራት፣ ስድስት። አንድም ብርጭቆ ሲንኳኳ አልተሰማም። ማዶ ሲደርስ ትከሻው ሰፋ፤ ኮቱን ቀና አድርጎ መንገዱን ቀጠለ። ፀጉር ሠሪዋ ልትከተለው እግሯን ስታነሣ፣ ፊቱን ሳያዞር ጮክ ብሎ ተናገረ።

«አንቺ በአስፋልቱ ዙሪ፤ ቀሚስሽ ይነካል።»

ዞረች፤ ልትደርስበትም መሮጥ ነበረባት።